ከጉሩ እስከ የኔታ፦ ወንበሩ ለማን ይተላለፋል?

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



አንድ አዋቂ ሲሞት ከእርሱ ጋር ምን ይቀበራል? ጥያቄው የመንፈሳዊ መምህራን ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። ሆኖም ድልድይ የሚሠራ፣ ውኃ የሚጠልፍ፣ መንገድ የሚቀይስ ሰው ሁሉ ይመለከተዋል። የሕንድ ሊቃውንት ከብዙ ዘመን ጀምሮ ለዚህ ጥያቄ ልዩ ልዩ መልስ ሰጥተዋል፤ የኢትዮጵያ ሊቃውንትም የራሳቸው መልስ አላቸው።

ሕንዶች መንፈሳዊ መምህራቸውን «ጉሩ» ይሉታል። ቃሉ በጥንታዊው የሳንስክሪት ቋንቋ «ከባድ» ማለት ነው። አማርኛም የተከበረውንና ቁም ነገረኛውን «ከባድ ሰው» ይለዋልና ፍቺው ለጆሮ እንግዳ አይሆንም። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ፣ በቀየትም ጭምር፣ ልጅ ፊደል የሚያስቆጥረውን መምህር «የኔታ» ብሎ ይጠራል፤ ይኸውም «የእኔ ጌታ» ማለት ነው። በሁለቱም አገር ዕውቀት ከሰው እጅ በአደራ የሚረከቡት ሀብት ነበር።

በሂንዱ ሃይማኖት የጥንቱ ደቀ መዝሙር ከጉሩው ቤት ገብቶ፣ እያገለገለ፣ ከመምህሩ አፍ ይማር ነበር። ቬዳ የተባሉት ቅዱሳት ድርሰቶች ሦስት ሺህ ዓመት ግድም በቃል ተላልፈዋል። ታዲያ ሳይበላሹ እንዴት ቆዩ? መምህራኑ የረቀቀ የመቈጣጠሪያ ዘዴ ነበራቸው። ተማሪው ድርሰቱን በቀጥታ ካጠና በኋላ ቃላቱን እያጣመረ ይደግማል፤ አንደኛውን ከሁለተኛው፣ ሁለተኛውን ከአንደኛው፣ እንደገና አንደኛውን ከሁለተኛው፤ ከዚያም ሁለተኛውን ከሦስተኛው እያለ በዚያው ሥርዓት ይቀጥላል። አንዲት ቃል ብትዘነጋ ወይም ቦታዋን ብትለቅ ስሕተቱ ይጋለጣል። ቀያሽ አንድን መስመር ሲሄድም ሲመለስም ለክቶ ልዩነቱን እንደሚፈትሽ መሆኑ ነው። ዩኔስኮም ይህን የንባብ ሥርዓት በ2003 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከሰው ልጅ ድንቅ ቅርሶች አንዱ ብሎታል። በኢትዮጵያም ድጓ የተማረ ሰው ወደ ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ በሊቃውንቱ ፊት የሚመሰክርበት ልማድ ከዚሁ ጥንቃቄ የመጣ ነው።

ነገር ግን ዕውቀት ከሰው ጋር በተቈራኘ መጠን አደጋውም የዚያኑ ያህል ይበዛል። በካልካታ አጠገብ የነበረው የቤተ መቅደስ አገልጋይ ራማክሪሽና በ1886 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲሞት በእጁ የጻፈው መጽሐፍ አልነበረም። ትምህርቱ የተረፈው አንድ ደቀ መዝሙሩ ንግግሩን ይመዘግብ ስለነበረና ሌላው ደቀ መዝሙሩ ቪቬካናንዳ በ1893 ቺካጎ ድረስ ተጉዞ ስላሰማው፣ በ1897ም በመምህሩ ስም የሚጠራ የበጎ አድራጎት ማኅበር ስላቋቋመ ነው።

ሲኮች ደግሞ ለጥያቄው ከሁሉ ይልቅ ቁርጥ ያለ መልስ ሰጡ። የሃይማኖታቸው መሥራች ጉሩ ናናክ በ1469 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተወለደ። ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩት፤ በ1539 ከመሞቱ በፊት ግን ወንበሩን ለልጆቹ አላወረሰም፤ ላመነበት ደቀ መዝሙር ሰጠ እንጂ። በእርሱና በተከታዮቹ ዘንድ ሰዎች የትውልድ ደረጃ ሳይለያቸው በአንድ ረድፍ ተቀምጠው አንድ ማዕድ ይቈርሱ ጀመር። አምስተኛው ጉሩ አርጁን የቀደሙትን መምህራን መዝሙሮች ሰብስቦ በ1604 በአንድ መጽሐፍ አጠቃለለ፤ ከሲኮች ወገን ያልነበሩትን የካቢርንና የሙስሊሙን የፋሪድን ድርሰት ሳይቀር አካተተ። በሁለተኛው ዓመት፣ በ1606፣ በገዢዎች እጅ ሞተ፤ መጽሐፉ ግን ተጠናቅቆ ነበር። አሥረኛው ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ አራት ልጆቹን በጦርነትና በግድያ ካጣ በኋላ፣ በ1708 ሲሞት፣ ከእንግዲህ ሰው ጉሩ አይሾምም፤ ጉሩው መጽሐፉ ይሁን አለ። ሲኮች እስከ ዛሬ «ጉሩ ግራንት ሳሂብ» ብለው የሚያከብሩት ይኸው መጽሐፍ ነው።

ወደ ሸዋ ስንመለስ ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ታሪክ እናገኛለን። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ በኢየሩሳሌም ሳሉ የግዕዝን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ጀመሩ፤ ሥራው ሳይፈጸም ዕድሜያቸው ስላለቀ ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በአደራ ተዉላቸው። አለቃም ብዙ ዘመን ደክመው፣ ሥራውን አስፍተው፣ መጽሐፉ በኅትመት ሳይወጣ በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ፤ አደራውንም ለደቀ መዝሙራቸው ለደስታ ተክለ ወልድ አስተላለፉ። መጽሐፉ በ1948 ዓ.ም. ታተመ። አለቃ ደስታም በዚያው መንገድ ሄደው በ1962 ዓ.ም. የአማርኛ መዝገበ ቃላታቸውን ለአንባቢ አበረከቱ። ከሦስቱ አንዱ እንኳ «ሥራው የኔ ነው» ብሎ ቢሰስት፣ ወይም ተማሪው «አደራው ከበደኝ» ብሎ ቢጥል፣ ዛሬ ግዕዝ የሚያጠና ሰው ምን ይይዝ ነበር?

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ይገባል። መጽሐፍ ብቻውን አያስተምርም። ሲኮች መጽሐፉን ጉሩ ቢሉትም በጉባኤ የሚያነብና የሚተረጉም ሰው አላጡም፤ የአንድምታ ትርጓሜም ከታተመ በኋላ የመጽሐፍ ቤት መምህር ተፈላጊነት አልቀረም። በአንጻሩ ደግሞ ታዛዥነትን ብቻ የሚሻ፣ ጥያቄን እንደ ድፍረት የሚቈጥር፣ የሚያውቀውን ለክብሩ ሲል የሚሸሽግ መምህር በሕንድም በኢትዮጵያም ታይቷል። ጉሩነት ለሥልጣን መደበቂያ የሆነበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ስለሆነም እውነተኛው መምህር የሚታወቀው ተማሪው ያለ እርሱ መቆም ሲችል ነው።

የማኅበሩ አባላት ከዚህ የሚወስዱት ትምህርት ቅርብ ነው። አንድ አንጋፋ መሐንዲስ የድልድዩ እግር ለምን ከዚህ ተነሥቶ ወደዚያ እንደተዛወረ፣ ክረምት ወንዙ እስከየት እንደሚሞላ የአገሩ ሽማግሌ ምን እንደነገረው ያውቃል። ንድፉ ላይ ግን የሰፈረው ልኩ ብቻ ነው፤ ምክንያቱ በሰውዬው ራስ ውስጥ ነው። ጡረታ ሲወጣ ምክንያቱም አብሮት ይወጣል፤ ተከታዩም ያንኑ ስሕተት በሌላ ገንዘብ እንደገና ይሠራዋል። እያንዳንዱ አንጋፋ ምክንያቱን ይጻፍ፤ እያንዳንዱም አንድ ወጣት ከጎኑ አስቀምጦ ያስጠይቅ፤ ወጣቱም ለመጠየቅ አይፈር። ማኅበሩ ይህን ሥራ በዚህ ዓመት ቢጀምር፣ ከዛሬዎቹ አንጋፎች ዕውቀት ብዙው ሳይቀበር ይተርፋል።