በደብር ግቢ ስለሚጠራቀም ውኃና ስለ አትክልት ቦታ የተነገረ ቃል



በአዲስ አበባ ከተማ ዐቢይ ጾም ሲገባ ጎመንና ቆስጣ፥ ሰላጣና ካሮት የሚፈልገው ሰው ይበዛል። ጾሙ የሚውለው ግን በበጋ ነውና በዚያው ወራት ትልቁም ትንሹም አቃቂ ወንዝ እየቀጠነ ይሄዳል። ከዝናም የሚያገኘው ንጹሕ ውኃ ይቀርበትና ከየቤቱና ከየፋብሪካው የሚወርደው እድፍ ይበረታበታል። በወንዙ ዳር ያሉ አትክልተኞችም በዚሁ ውኃ ያጠጣሉ። እንግዲህ ሰው አትክልትን አጥብቆ የሚሻበት ወራትና ውኃው የሚከፋበት ወራት አንድ ሆኑ ማለት ነው። በዚህ ነገር አትክልተኛውን መንቀፍ አይገባም፤ ከተማው ያፈሰሰውን ተቀብሎ ከተማውን መልሶ የሚመግብ እርሱ ነውና፤ የተሻለ ውኃም የሰጠው የለም።

ነገር ግን እድፍ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከሰው ቤት የሚወጣው እድፍ ተሐዋስያንንና የሆድ ትል ዕንቁላልን የያዘ ነው፤ ይህን ፀሐይና ጊዜ ያጠፉታል፤ ከጠፋም በኋላ የሚቀረው ለመሬት ፍግ ይሆናል። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣው ክሮሚየም የተባለው ማዕድን ግን ፀሐይም ጊዜም አያጠፉትም፤ በመሬት ውስጥ ይከማቻል፥ ከመሬትም ወደ ተክሉ ይገባል። የቅኔ ተማሪ ሰሙን አይቶ ወርቁን ይፈልጋል፤ የውኃም ጥራት እንደ ሰም ነው፥ ዓይን የሚያየው እርሱን ብቻ ነውና፤ ጥርት ብሎ የሚታይ ውኃ በውስጡ ክፉ ነገር ሊሰውር ይችላል።

ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሚጠቅምና እንደሚጎዳ በሕንድ አገር በካልካታ ከተማ በግልጥ ታይቷል። ከከተማው በስተ ምሥራቅ 12,500 ሄክታር የሚያህል ረግረግ አለ። የከተማው ፍሳሽ በቦይ እየተመራ ጥልቀት ወደሌላቸው ኩሬዎች ይገባል፤ በዚያ ፀሐይ ይመታዋል፥ አረንጓዴ ደቃቅ ተክልም ይበቅልበታል፤ ያንን ዓሣ ይበላዋል፥ ዓሣውንም ሰው ይበላዋል። ከኩሬው የሚወጣው ውኃ ደግሞ ወደ እርሻ ይወርዳል። ይህን ሥራ የጀመሩት መሐንዲሶች አይደሉም፤ ዓሣ አርቢዎችና ገበሬዎች ናቸው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2002 ዓመት ረግረጉ ራምሳር በተባለው የዓለም ውል ከሚጠበቁት ስፍራዎች ጋራ ተጻፈ። ሆኖም በዚያች ከተማ ብዙ የቆዳ ፋብሪካዎች ነበሩና ፍሳሻቸው ከሰው ቤት ፍሳሽ ጋራ ይቀላቀል ነበር። በ1996 ዓመት የሕንድ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፋብሪካዎቹ ከከተማው ወጥተው በአንድ ስፍራ እንዲሰበሰቡ ፈረደ። ኩሬና ፀሐይ የሰውን እድፍ ቢያነጹም የፋብሪካውን ማንጻት አይችሉምና አስቀድሞ መለየት ግድ ሆነ።

አንድ ደብር የአቃቂን ወንዝ ሊያነጻ አይችልም። ነገር ግን በግቢው ውስጥ ገና ከሌላ ጋራ ያልተቀላቀለ ውኃ አለው፤ ይኸውም ከጣራው የሚወርደው፥ ከሰንበቴ ቤት የሚወጣው እጣቢና የመጸዳጃው ፍሳሽ ነው። እነዚህን ሦስቱን ሳይቀላቅል የሚጠብቅ ደብር በከተማ መካከል ንጹሕ አትክልት ማብቀል ይችላል።

የጣራው ውኃ ከሁሉ ይበልጣል። በአዲስ አበባ በዓመት 1,100 ሚሊሜትር ግድም ዝናም ይዘንባል፤ ከዚህም የሚበዛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። አንድ ሚሊሜትር ዝናም በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ይሆናል። እንግዲህ 400 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣራ ያለው ሕንፃ በዓመት 440,000 ሊትር ይቀበላል ማለት ነው፤ አምስተኛው እጅ ቢባክን እንኳ 352,000 ሊትር ይቀራል። 200 ካሬ ሜትር መደብ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር በቀን 5 ሊትር እየጠጣ ለ200 የበጋ ቀናት 200,000 ሊትር ይበቃዋል። ለዚህም ርዝመቱ 10፥ ወርዱ 10፥ ጥልቀቱ 2 ሜትር የሆነ በስሚንቶ የተለሰነ ጉድጓድ ያሻል። ወጪው ለአንድ ደብር ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ በሩቡ፥ ማለት በ50 ካሬ ሜትር መደብና በ50,000 ሊትር ጉድጓድ መጀመር የተሻለ ነው። የመጀመሪያው ዝናም አቧራና የርግብ ኩስ አጥቦ ይወርዳልና (ርግብ የሌለበት የቤተ ክርስቲያን ጣራ የት ይገኛል!) ወደ ጉድጓዱ ሳይገባ ወደ ውጭ መፍሰስ አለበት። እርሳስ ያለበት አሮጌ ቀለም የተቀባ ጣራም ለዚህ ሥራ አይሆንም።

የእጣቢውን ውኃ በጠጠርና በአሸዋ አሳልፎ ለፍራፍሬ ዛፍ ሥር ማጠጣት ይቻላል። ቢያድር ይሸታልና በዚያው ቀን መፍሰስ አለበት፤ በረኪና የገባበትንም ለይቶ ማስወገድ ይገባል። ለሰላጣና ጥሬውን ለሚበላ ነገር ግን እጣቢ አይሰጥም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1989 ዓመት ባወጣው መመሪያ ጥሬውን ለሚበላ አትክልት የሚሰጥ የፍሳሽ ውኃ በአንድ ሊትር ውስጥ ከአንድ የበለጠ የሆድ ትል ዕንቁላል እንዳይገኝበት ወስኗል፤ ይህንንም በዓይን መርምሮ ማወቅ አይቻልም። የመጸዳጃው ፍሳሽ ከቶ ወደ መደቡ አይቅረብ።

የቀደሙት ሰዎች ይህን የመሰለውን ነገር አልዘነጉም። በላሊበላ ሕንፃውን ከዐለት የፈለፈሉት የዝናሙን መውረጃ ቦይ አብረው ፈለፈሉ፤ በአክሱምም ማይ ሹም የተባለው ጥንታዊ ማጠራቀሚያ እስከ ዛሬ ይታያል።

መደቡ ከመካነ መቃብሩ ርቆ፥ ከጉድጓዱም ዝቅ ብሎ ቢደለደል ውኃው ያለ ሞተር ይወርዳል። ጉድጓዱ ሕፃናት እንዳይወድቁበት፥ ትንኝም እንዳይራባበት በጽኑ ክዳን ይዘጋ። በመደቡ ዳር ጥላ ያለው ዛፍና መቀመጫ ቢኖር ከቅዳሴ የወጡ ሽማግሎች ያርፉበታል፤ ሰው የሚቀመጥበት መደብም ጠባቂ አያጣም። ከሁሉ የሚከብደው የሰው ነገር ነው። የውኃው ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ከሆነ ያ ሰው ሲታመም መደቡ ይደርቃል፤ የማንም ካልሆነ ደግሞ ጉድጓዱ የቆሻሻ መጣያ ይሆናል። ስለዚህ የሰንበቴው ማኅበር ጽዋውን በተራ እንደሚያዘጋጅ ውኃውንም በተራ ቢያጠጣ ይስማማል። ከፍሬው ለነዳያንና አኮፋዳ ይዘው ቁራሽ ለሚለምኑ የአብነት ተማሪዎች ይድረስ፤ ተማሪው ግን ትምህርቱን ትቶ ውኃ ቀጂ እንዳይሆን ያስፈልጋል።

ጉድጓዱ የሚቈፈረውና የሚለሰነው ምድር ደረቅ ሳለች በጥርና በየካቲት ነው፤ አሸንዳው ግንቦት ሳያልቅ ከጣራው ጋራ ይገጠም፥ የሰኔ ዝናም አይጠብቅምና።