ጎልማሳን ማስተማር ስንል
(ለጉባኤ ሽማግሌዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



የጎልማሶች ትምህርት ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ጥቁር ሰሌዳና «ሀ ሁ» ነው። ይህ ትክክል ቢሆንም ጎደሎ ነው። የጎልማሶች ትምህርት ማለት ቤት፣ እርሻና እድር በትከሻው ላይ ያለ ሰው ሥራውን ሳይተው ለኑሮው የሚያስፈልገውን ዕውቀት የሚያገኝበት መንገድ ሁሉ ነው። የእርሻ ባለሙያው ማሳ ላይ ቆሞ የሚያሳየው፣ የጤና ሠራተኛዋ ስለ ውሃ ማፍላት የምትመክረው፣ የማታ ትምህርት ቤት፣ ሬድዮ፣ የስፌት ሥልጠና፣ ሁሉም በዚህ ውስጥ ይገባሉ።

በአገራችን ሥራው አዲስ አይደለም። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን «የምሥራች ድምፅ» የተባለውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የጀመረችው በ1962 እ.ኤ.አ. ነበር። ከዚያም በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተነሣ፤ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። ታላቅ ሥራ ነበር። ነገር ግን የምስክር ወረቀት ከተቀበሉት ብዙዎቹ በመንደራቸው የሚነበብ ነገር ስላልነበረ ፊደሉን መልሰው ረሱት። ፊደል ካልሠሩበት እንደ ማረሻ ይዝጋል።

ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ የበጀት ነው። ከጉባኤዎቻችን አንዳንዶቹ «የንባቡ ክፍል ይቅርና ገንዘቡ ለጉድጓድ ይዋል» ይላሉ። የተጠማ ሕዝብ እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ጉድጓዱ ከተቆፈረ በኋላ የየወሩን መዋጮ የሚመዘግበው ማን ነው? የውሃ ኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ደረሰኝ ማንበብ ካልቻለ ሐሜት ይነሣል፤ ሐሜት ሲነሣ መዋጮው ይቆማል፤ ፓምፑ የተበላሸ ዕለት መለዋወጫ መግዣ አይገኝም። ስለዚህ የንባቡ ክፍል የጉድጓዱ ወጪ አካል ሆኖ ይያዝ እላለሁ። መማሪያውም የኮሚቴው መዝገብ ራሱ ይሁን፤ የማዳበሪያው ከረጢት ጽሑፍ፣ የሕፃናት የክትባት ካርድ፣ በአውራ ጣት የሚፈረምበት የብድር ወረቀት ይጨመርበት። ሰው የራሱን ዕዳ ቁጥር ለማንበብ አይሰንፍም!

ስለ አስተማሪዎችም አንድ ነገር ልበል። በአንድ ቦታ አንድ ወጣት አስተማሪ የልጅ ልጅ ያዩ እናትን በሰው ፊት «አንቺ፣ ተነሺና አንብቢ» አላቸው። እኒያ እናት ተመልሰው አልመጡም። ጎልማሳ ትልቅ ሕፃን አይደለም። እህል መለየት፣ ከብት ማከም፣ ጠብ ማብረድ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ከአስተማሪው የሚጎድለው ፊደሉ ብቻ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ «እርስዎ» ይባል፤ የሚያውቀውም ይጠየቅ።

ሰዓቱን ተማሪዎቹ ይምረጡት። እናቶች ውሃ ቀድተውና እንጀራ ጋግረው እስኪጨርሱ ይጠበቅ፤ ሕፃናቱን የሚይዝ ሰው ከወጣቶች ማኅበር ይመደብ። በእርሻና በአጨዳ ወራት ክፍሉ ይዘጋ፤ ሲከፈትም ያለፈው ተከልሶ ይጀመር። የፋኖሱ ጋዝ በየፕሮጀክቱ የበጀት ጥያቄ ውስጥ ከአሁኑ ይግባ።