የአንድ ብርጭቆ ትውልድ አገር



በዕቃ ስለ ማስተማር እንድናገር ስለ ተጠየቅሁ፥ ስለ አንድ ዕቃ ብቻ እናገራለሁ፤ እርሱም አስቀድሜ የተሳሳትሁበት ነው።

በጎረቤቴ የሚኖሩ አንዲት ባልቴት ከአባታቸው የወረሱት የወይን ጠጅ መጠጫ ብርጭቆ አላቸው። እግሩ ረዘም ያለ፥ መልኩ እንደ ሮማን ፍሬ የቀላ፥ በዙሪያውም ዋላና የወይን ሐረግ የተቀረጸበት ነው። «ልጄ፥ አንተ የተማርህ ነህና ከየት አገር እንደ መጣ ንገረኝ» ቢሉኝ፥ ሳልመረምር «የቬኔስያ ሥራ ነው፤ ዕድሜውም ከሦስት መቶ ዓመት አያንስም» ብዬ መለስሁ። የቬኔስያ መስተዋት ሠሪዎች በአውሮፓ አቈጣጠር በ1291 ዓ.ም. ወደ ሙራኖ ደሴት መዛወራቸውን አንብቤ ነበርና፥ መልካም ብርጭቆ ሁሉ ከዚያ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። እርሳቸውም ቃሌን አምነው፥ ብርጭቆው ለታላቂቱ ልጃቸው፥ የብር ድሪው ለታናሺቱ እንዲሆን ቈረጡ።

ብርጭቆውን ተውሼ ለዕጩ መምህራን ባሳየሁ ጊዜ፥ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ ወደ መስኮቱ አቅርቦ ተመለከተና «መምህር፥ ዋላው ስለ ምን አልቀላም?» ሲል ጠየቀኝ። እውነትም ቅርጽ ባረፈበት ስፍራ ሁሉ ቀዩ ተፍቆ ጥርት ያለው መስተዋት ይታያል። ቀለሙ እስከ ውስጥ የዘለቀ ሳይሆን፥ በላዩ ተቀብቶ በእሳት የተዋሐደ ስስ ሽፋን ነው። ይህን ቀይ ቀለም በ1832 ዓ.ም. ገደማ በሥራ ያወጣው ቦሔምያዊው ፍሪድሪኽ ኤገርማን ነው፤ ቦሔምያም ዛሬ የቼክ አገር ክፍል ናት። እንግዲህ እኔ ሦስት መቶ ዓመት ያልሁት ሁለት መቶ እንኳ አልሞላም።

የቅርጹም ጥልቀት ይህንኑ ይመሰክራል። የቬኔስያ መስተዋት በሶዳ የሚሠራ ስለ ሆነ፥ ሲግል እንደ ሰም ይታዘዛል፤ ስስ ሆኖ ስለሚሠራ ግን ከበረደ በኋላ ጠልቆ ለመቅረጽ አይመችም። የቦሔምያው ከእንጨት አመድ በሚገኝ ፖታሽና በኖራ ስለሚሠራ ጠንካራ ነው፤ በሚሽከረከር የመዳብ መንኰራኵር በጥልቀት ይቀረጻል። የእንግሊዞቹ፥ እርሳስ ያለበት፥ ከበድ ይላል፤ ጫፉን ቢመቱትም ድምፁ እንደ ቃጭል ይቈያል። የዚህ ብርጭቆ ድምፅ ግን ፈጥኖ ይጠፋል።

ይሁን እንጂ ዋላና ወይን አይቶ ብቻ መፍረድ አይገባም። በአሜሪካ፥ በማሳቹሴትስ፥ የጀርመን ተወላጁ ሉዊስ ቮፐል ተመሳሳይ ሥራ ቀርጿል፤ በራሷ በቦሔምያም እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ ተሠርቷል። ፊርማ የሌለውም ይበዛል። ስለዚህ ብርጭቆውን ገለበጥነው። በሚያርፍበት ጠርዝ ላይ ያሉት ጭረቶች ወደየአቅጣጫው የተበታተኑ ናቸው። ሁሉም በአንድ ወገን የተሰለፉ ቢሆኑ፥ አሮጌ ለማስመሰል ሆን ተብሎ የተፈገፈገ ነው ብለን በጠረጠርን ነበር። ከዚህ በላይ አልደፈርሁም፤ «የቦሔምያ ሥራ ሳይሆን አይቀርም» ብዬ በሰሌዳው ላይ ጻፍሁ።

ወደ ባልቴቲቱ ቤት መመለስ ግን ከበደኝ። ስሕተቴን ከነገርኋቸው በኋላ ብርጭቆውን ተቀብለው ወደ ብርሃን ዘረጉት፤ ያልቀላውንም ዋላ ብዙ ጊዜ ተመለከቱት።

«ልጄ፥ ያን ጊዜም እኮ ቤቴ መስኮት ነበረው» አሉኝ።

ብርጭቆውንና ድሪውንም በአንድ ሣጥን አስገብተው ቈለፉ።