ለዲሽ ማስተካከያ የትኛውን መለኪያ እንግዛ?

(በማህበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናቀርበው ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰማ ትንሽ ሊመስል ይችላል። የዲሽ ሥራ የጀመሩት ወጣት አባሎቻችን የሲግናል መለኪያ፣ በተለምዶ «ፋይንደር» የምንለው መሣሪያ፣ ይገዛልን ብለው ጠይቀዋል። ገንዘቡ የሚወጣው ከጋራ ቁጠባችን ነው። ያ ገንዘብ ለአንዲት አባል የድንች ዘር መግዣ፣ ለሌላዋ የበግ ማድለቢያ ብድር ሊሆን የሚችል ገንዘብ ነው። ስለዚህ «ይገዛ» ወይም «አይገዛ» ከማለታችን በፊት መሣሪያው ምን እንደሚሠራ፣ የትኛው ዓይነት ለእኛ አገር እንደሚሆንና ወጪውን መመለስ አለመመለሱን አብረን እንይ።

በቅድሚያ ሥራው ለምን እንደመጣ እናስታውስ። ብዙዎቻችን ቤት የነበረው ዲሽ ለናይልሳት የተተከለ ነበር። ከ2012 እና ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የአገራችን ጣቢያዎች ወደ ኢትዮሳት ሲዞሩ ዲሹም አብሮ መዞር ነበረበት። ኢትዮሳት የሚሠራጨው ኤን.ኤስ.ኤስ. 12 በተባለው ሳተላይት ላይ ሲሆን ሳተላይቱ ያለው በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ነው። ናይልሳት ደግሞ በምዕራብ 7 ዲግሪ ላይ ነው። በደብረ ታቦር ሰማይ ላይ ሲታዩ አንዱ በደቡብ ምሥራቅ፣ ሌላው በምዕራብ በኩል ናቸው። ከከተማችን እስከ ፋርጣ፣ ከላይ ጋይንት እስከ እስቴ ብዙ ቤት ዲሹን አዙሯል፤ ዛሬም ነፋስ ያጋደለው፣ በረዶ የመታው፣ ቤት ሲቀየር የተነቀለ ዲሽ አይጠፋም። ሥራው የአንድ ጊዜ ብቻ አይደለም።

አሁን ልኩን እንናገር። ከደብረ ታቦር ሲታይ የኢትዮሳት ሳተላይት ያለው ከሰሜን በቀኝ በኩል 121 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በቀላሉ ለመያዝ፣ ፊታችንን ወደ ምሥራቅ አድርገን ወደ ደቡብ 31 ዲግሪ ያህል መዞር ነው። ከፍታው ደግሞ ከአድማስ 64 ዲግሪ ገደማ ነው። ናይልሳት ግን ከፍታው 37 ዲግሪ አካባቢ ብቻ ነው። ይህ ለእኛ ትልቅ ጥቅም አለው። ግቢያችን በባሕር ዛፍ የተከበበ ነውና፣ ከዲሹ በላይ 10 ሜትር ከፍ ያለ ዛፍ ለናይልሳት እንዳይጋርድ 13 ሜትር ያህል መራቅ ነበረበት፤ ለኢትዮሳት ግን 5 ሜትር ያህል ከራቀ ይበቃል። «ዛፉን ካልቆረጣችሁ አይሠራም» የሚል ባለሙያ ሲመጣ ይህን አስታውሱና መጀመሪያ አስለኩት።

ልኩ ከታወቀ መለኪያ ለምን ያስፈልጋል? ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ነው ያለው። ዲሹን በ1 ዲግሪ ብናስተው እዚያ ላይ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ሳትን ማለት ነው። ዓይን ይህን አይለይም። የስልክ ኮምፓስም ቢሆን አቅጣጫ ያሳያል እንጂ ሲግናል አይለካም፤ ቆርቆሮ ጣሪያ አጠገብ ደግሞ ብረቱ ኮምፓሱን ያሳስተዋል። ስለዚህ አቅጣጫውን ከጣሪያው ራቅ ብሎ ወስዶ፣ በሩቅ ያለ ምልክት ይዞ መውጣት ይሻላል። ሌላም አለ፤ የብዙዎቻችን ዲሽ ሲግናሉን የሚቀበለው ፊቱ ከሚያይበት ከፍ ካለ ቦታ ነው። ስልክን ዲሹ ላይ ለጥፎ 64 ዲግሪ መፈለግ ስለዚህ ያሳስታል።

አራት መንገዶች አሉን፤ አንድ በአንድ እንመልከታቸው።

የመጀመሪያው መለኪያ ሳይገዙ በሪሲቨሩ መሥራት ነው። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አንዱ ጣሪያ ላይ፣ አንዱ ቴሌቪዥኑ ፊት፣ መካከል ላይ ደግሞ «መጣ! ሄደ!» የሚል ልጅ። ወጪ የለውም፣ ለራስ ቤት ይበቃል። ለሥራ ግን ሁለት ሦስት ሰው ይይዛል፣ መብራት ከሌለ ይቆማል፣ ሪሲቨሩም ትንሽ ዘግይቶ ስለሚያሳይ ጣሪያ ላይ ያለችው ልጅ ትክክለኛውን ቦታ አልፋ ትሄዳለች።

ሁለተኛው ባለ መርፌዋ ትንሽ መለኪያ ናት። ገበያ ላይ በኤስ.ኤፍ. 95 ስም የምትታወቀው ዓይነት ነች። በኤል.ኤን.ቢ.ውና ከሪሲቨሩ በሚመጣው ገመድ መካከል ትገባለች፣ ሲግናል ሲበረታ መርፌዋ ትወጣለች፣ ትጮሃለችም። ዋጋዋ ርካሽ ነው፣ ብልሽቷም ጥቂት ነው። ሁለት ጉድለት ግን አላት። አንደኛ፣ የራሷ ኃይል ስለሌላት ከሪሲቨሩ ነው የምትመገበው፤ መብራት ከሌለ አትሠራም። ሁለተኛውና ዋናው፣ የሲግናሉን ብዛት እንጂ የማን እንደሆነ አታውቅም። ገበያ መሐል ቆመን ጫጫታ ስንሰማ ሰው መኖሩን እናውቃለን፤ ማን ምን እንደሚል ግን አናውቅም። መርፌዋም እንደዚያው ናት። በሌላ ሳተላይት ላይ ሙሉ ስትወጣ እንደተገኘ ተቆጥሮ ብሎኑ ይጠብቃል፤ ቤት ሲገባ ግን ኳሊቲ ዜሮ ነው።

ሦስተኛው ባለ ስክሪን ዲጂታል ፋይንደር ነው። ይህ የራሱ ባትሪ አለው። የምንፈልገውን ፍሪኩዌንሲ እናስገባለን፤ ያንን ጣቢያ ራሱን ፈልጎ ካገኘ ብቻ «ተቆልፏል» ይላል፣ ኳሊቲውንም በቁጥር ያሳያል። ስለዚህ ሳተላይት አያምታታም። ቴሌቪዥን ጣሪያ ሥር ማውጣት፣ መብራት መጠበቅ፣ ሰው ማስጮህ ይቀራል።

አራተኛው የትልልቅ ድርጅት መሐንዲሶች የሚይዙት ነው። የሞገዱን ሁሉ ሥዕል የሚያወጣ፣ ዋጋውም ለዚያው ሥራ የተሰላ ነው። ለቤት ዲሽ አያስፈልገንም፤ እንለፈው።

ምርጫው እንግዲህ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ነው። ሦስተኛውን ብንመርጥ ግን ሁሉም ባለ ስክሪን አንድ አይደለም። እዚህ ላይ ነው ገንዘብ የሚጠፋው። ኢትዮሳት ላይ ብዙ ጣቢያ የሚገኝበት ታዋቂው ፍሪኩዌንሲ 11105፣ ሆሪዞንታል፣ ሲምቦል ሬቱ 45000 ነው። ሥርጭቱም ዲ.ቪ.ቢ. ኤስ 2 በሚባለው በአዲሱ አሠራር ነው። አንዳንዶቹ ፋይንደሮች የሚያውቁት የቀድሞውን ዲ.ቪ.ቢ. ኤስ ብቻ ነው። ለምሳሌ በሳትሊንክ ስም ከሚሸጡት ውስጥ 6906 የቀድሞውን ብቻ የሚያነብ ነው፤ 6933 ግን ሁለቱንም ያነባል። ከላይ ሲታዩ ሁለቱም ባለ ስክሪን ናቸው፤ እንዲያውም 6906 ስክሪኑ ይሰፋል። በስክሪኑ ስፋት የመረጠች እህት ኢትዮሳትን የማያውቅ መሣሪያ ይዛ ትመለሳለች ማለት ነው።

ስለዚህ ሱቅ ስንሄድ ይዘን የምንሄደው ጥያቄ የሚከተለው ነው፦

አንድ፣ ዲ.ቪ.ቢ. ኤስ 2 ያነባል ወይ? ካላነበበ ዋጋው የቱንም ያህል ይርከስ አንገዛም።

ሁለት፣ ሲምቦል ሬት እስከ ስንት ይቀበላል? 45000 መድረስ አለበት።

ሦስት፣ ለኤል.ኤን.ቢ. 18 ቮልት ይሰጣል ወይ? ሆሪዞንታል የሚከፈተው በ18 ቮልት፣ ቨርቲካል በ13 ቮልት ነው። ባትሪው የደከመ መሣሪያ 18ቱን መያዝ ሲያቅተው ሆሪዞንታሎቹ ጣቢያዎች ይጠፋሉ፤ ሠራተኛዋም ዲሹ የተበላሸ ይመስላታል። የሚያስፈልገን 11105 ደግሞ ሆሪዞንታል ነው።

አራት፣ ባትሪው ሲሞት ለብቻው ይቀየራል ወይ? ቻርጀሩስ እዚሁ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ይገኛል ወይ? ለባትሪ ብሎ አዲስ አበባ የሚያስልክ መሣሪያ በሁለተኛው ዓመት ዕቃ ቤት ይገባል።

አምስት፣ ፍሪኩዌንሲ በእጅ ማስገባት ይቻላል ወይ? ጣቢያዎች ቦታ ይቀያይራሉ፤ ከፋብሪካ የተጫነውን ብቻ የሚያሳይ መሣሪያ ያረጃል።

ስድስት፣ በጠራራ ፀሐይ ስክሪኑ ይነበባል ወይ? ከሱቁ በረንዳ ወጥተን እንየው። ሥራው የሚሠራው ጣሪያ ላይ እንጂ መደርደሪያ ሥር አይደለም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት ኢትዮሳት በተተከለበት ዲሽ ላይ እናስሞክር። 11105 ላይ ከቆለፈ ይገዛል፤ ካልቆለፈ «አመሰግናለሁ» ብለን እንወጣለን። በደረሰኝ መግዛትም ግዴታ ነው፤ ደረሰኝ የሌለው ዕቃ በእኛ መዝገብ አይገባም።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ። የገበያ ዋጋ ስለሚለዋወጥ የምንጠቅሰው ቁጥር ለስሌት ብቻ ነው፤ በግዢው ቀን ያለው ዋጋ ይተካበታል። ዲጂታሉ 6000 ብር ነው እንበል። ሦስት ዓመት ያገለግላል ብንል፣ የወር እርጅናው 167 ብር ያህል ነው። ከአንድ ሥራ 300 ብር ቢገኝ፣ 200 ለሠራተኛዋ፣ 60 ለመጓጓዣ፣ 40 ለመሣሪያው ፈንድ ብንመድብ፣ እርጅናውን ለመሸፈን በወር 5 ሥራ ያስፈልጋል። በወር 10 ሥራ ከተገኘ 6000 ብሩ በ15 ወር ይመለሳል። በወር ከ5 በታች ከሆነ ግን መሣሪያው ቁጠባችንን እየበላ ነው ማለት ነው፤ ያኔ ባለ መርፌዋ ትበቃናለች።

ባለ መርፌዋ 600 ብር ብትሆን በ15 ሥራ ዋጋዋን ትመልሳለች። ታዲያ ለምን እሷን ብቻ አንገዛም? ምክንያቱ ዳግም ጉዞ ነው። አንድ ቤት ተሳስቶ ሁለተኛ መሄድ ካስፈለገ ባለቤቱ ዳግመኛ አይከፍልም፤ 60 ብር መጓጓዣና የሠራተኛዋ ግማሽ ቀን በእኛ ላይ ይወድቃል። ከከተማ ወጣ ብሎ ወደ ጉና ግርጌ የሚኬድበት ሥራ ሲሆን ደግሞ ግማሹ ቀን ሙሉ ቀን ይሆናል። ከሁሉም የሚከብደው ስማችን ነው። «የሴቶቹ ማህበር ሠርቶት እንደገና ተበላሸ» ከተባለ ያንን በብር መተካት አይቻልም።

ስለዚህ የሂሳብ ክፍሉ ሐሳብ የሚከተለው ነው። አንድ ዲጂታል ፋይንደርና አንድ ባለ መርፌ መለኪያ ይገዛ። ዲጂታሉ ሳተላይቱን ለማግኘት፣ ባለ መርፌዋ በከተማ ውስጥ ሳተላይቱ ታውቆ ትንሽ የተጋደለውን ዲሽ ለማቃናት ትዋል። መሣሪያው በማህበሩ ስም ይመዝገብ፣ የወጣበትና የተመለሰበት ቀን በፊርማ ይያዝ፣ የሠሩት ቤት ብዛትና የዳግም ጉዞው ቁጥር በየወሩ ይቅረብልን። በስድስተኛው ወር ቁጥሩን ይዘን እዚሁ እንወያይበታለን፤ ደጋፊዎቻችንም ያንኑ ሪፖርት ያገኛሉ።

ስለ አሠራሩም ጥቂት እንጨምር፤ ጥሩ መሣሪያ መጥፎ አሠራርን አያድንም። ገመድ ከመንቀልና ከመሰካት በፊት ሪሲቨሩ ከሶኬት ይነቀል፤ የገመዱ መሐል ሽቦ ከዳሩ ከተነካካ ሪሲቨሩም መለኪያውም ሊቃጠል ይችላል። ሲግናሉ ከተገኘ በኋላ ኤል.ኤን.ቢ.ውን በመያዣው ውስጥ ቀስ እያሉ ማዞር አይዘንጋ። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ኤል.ኤን.ቢ.ው ከቀጥታው ብዙ መዞር አለበት፤ ብዙ ሰው ይህን ስለሚተወው ኳሊቲው ዝቅ እንዳለ ይቀራል። ብሎን ሲጠብቅ ዲሹ ትንሽ ስለሚንቀሳቀስ ካጠበቁ በኋላ ደግሞ መለካት ነው። በደረቅ ቀን ስዕል ስለታየ ብቻ ሥራው አልቋል አይባልም። ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ የእኛ አገር ዝናብ ሲግናሉን ይቀንሰዋል፤ በበጋ ለጥቂት የሚያልፍ ኳሊቲ በክረምት ይቆራረጣል። ስለዚህ በበጋ ከፍተኛውን ቁጥር ሳያገኙ አለመውረድ ነው።

ስለ ደህንነት ደግሞ፣ ማንም ብቻዋን ጣሪያ አትውጣ። መሰላል የሚይዝ ሰው ይኑር። ቆርቆሮ እርጥብ ከሆነ፣ ደመና ከጠቆረና ነጎድጓድ ከተሰማ ሥራው ለነገ ይደር። የቀረ ሥራ ይደገማል፤ የተሰበረ ወገብ ግን የቤተሰብ ዕዳ ነው።

«ይህ የወንድ ሥራ ነው» የሚሉ አሉ። ለእነሱ ረጅም መልስ የለንም። መለኪያው የያዘውን እጅ አይለይም፤ 64 ዲግሪም ለሁሉም 64 ዲግሪ ነው። ደግሞም ባሏ ሩቅ አገር የሄደባት፣ ወይም ብቻዋን ቤት የምታስተዳድር እናት የማታውቀው ወንድ ጣሪያዋ ላይ ከሚወጣ የማህበሯ ልጅ ብትመጣላት ደስ ይላታል። በዚህ አካባቢ ኔትወርክ ሲጠፋ ዜና የሚሰማው፣ ልጆችም ትምህርት የሚከታተሉት በዚያው ዲሽ ነው። ሥራው ለእንጀራም ለአገልግሎትም ነው።

እንግዲህ ጥያቄ ካለ ጠይቁ፣ የተሻለ ሐሳብ ካለ አቅርቡ፣ ከዚያም በእጅ ድምፅ እንወስን። ገንዘቡ የሁላችንም ነውና ውሳኔውም የሁላችን ይሁን።