ውጤቴ የተዘበራረቀ ነው፣ ዕድሜዬም ሄዷል፤ ሕክምና ልማር?

የዛሬው ርእሳችን ከእናንተው የመጣ ነው። ብዙዎቻችሁ በተለያየ አነጋገር አንድ ነገር ትጠይቃላችሁ፦ «ሥራ ይዣለሁ፣ ዕድሜዬ ወደ ሠላሳ እየተጠጋ ነው፣ የባግሩት ውጤቴ አንዱ ላይ አንዱ ታች ነው፤ ሕክምና መማር እፈልጋለሁ። አብጃለሁ እንዴ?»

አላበዳችሁም። ግን በባዶ ተስፋ አልሸኛችሁም፤ ዝርዝሩን እንየው።

እኔ ሰባት ዓመት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበርኩ። እዚሁ ቤር ሼቫ፣ በአዳዲሶቹ ሕንጻዎች ውስጥ ሽቦ ስዘረጋ ነው የኖርኩት። በ29 ዓመቴ ቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ገባሁ፤ አሁን ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ባግሩቴን ልንገራችሁ፦ ባዮሎጂ 93፣ ታሪክ 90፣ ሒሳብ 3 የሒዶት 71፣ እንግሊዝኛ 4 የሒዶት 64። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስወጣ አባዬን ይዤ ክሊኒክ እሄዳለሁ፣ ማታ ደግሞ እሠራለሁ። ስንቶቻችሁ ይህን ታውቁታላችሁ!

ሕክምናን የተመኘሁትም እዚያው ክሊኒክ ውስጥ ነው። አባዬ «ልቤን ያቃጥለኛል» ይላል። እኔ ቃሉን እንዳለ ወደ ዕብራይስጥ ስመልሰው ሐኪሙ የልብ ምርመራ ያዛል። አባዬ ግን የሚናገረው ስለ ጨጓራው ነው። በእኛ ቋንቋ ልብ የሚያቃጥለው፣ ሆድ የሚባባው፣ በሌላው ቋንቋ ሌላ በሽታ ነው። ወላጆቻችን ወደዚህ አገር ሲመጡ ስኳር በሽታ ብርቅ ነበር፤ ዛሬ በየቤቱ አለ። በ1996 ደግሞ ከእኛ ሰዎች የተለገሰ ደም በድብቅ ሲጣል እንደነበር ሲሰማ፣ ወላጆቻችን በሺዎች ሆነው ኢየሩሳሌም ወጡ። ስለዚህ በነጭ ጋዋን ውስጥ የእኛ ሰው መኖሩ ለጌጥ አይደለም።

አሁን ወደ በሩ እንምጣ። የቤር ሼቫው የሕክምና ትምህርት ቤት በ1974 ሲከፈት መሥራቹ ዲን ፕሮፌሰር ሞሼ ፕሪቬስ ነበሩ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ውጤት ብቻውን ሐኪም አያወጣም ብለው ተነሡ። አመልካቹ በውጤት አንድ ደረጃ ያልፋል፣ ከዚያ በኋላ ቃለ መጠይቁ ትልቅ ቦታ አለው። የመቀበያ ኮሚቴውን ለዓመታት የመሩት ሶሲዮሎጂስቱ አሮን አንቶኖቭስኪ ነበሩ። እኚህ ሰው የሚታወቁት በአንድ ጥያቄ ነው። ሌላው ሁሉ «ሰው ለምን ይታመማል?» ሲል፣ እሳቸው ከናዚ ካምፕ የተረፉ ሴቶችን አጥንተው «ይህን ሁሉ አሳልፈው አንዳንዶቹ እንዴት ጤነኛ ሆኑ?» አሉ። መልሳቸው ሦስት ነገር ነው፦ የደረሰብህን መረዳት፣ እችለዋለሁ ማለት፣ ትርጉም ማግኘት። የተዘበራረቀ ውጤት ይዞ የሚመጣ ሰው ስለ ራሱ ሊያስረዳ የሚገባውም ይህንኑ ነው።

ግን ልብ በሉ፤ ቃለ መጠይቁ የሚመጣው ደረጃውን ስታልፉ ነው። ያለዚያ ታሪካችሁን የሚሰማ የለም። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ቦታ አመልክቼ አንዱም ለቃለ መጠይቅ አልጠራኝም። እና ምን አደረግሁ?

አንደኛ፣ ውጤቴን በወረቀት ላይ ዘረዘርኩና ለየኋቸው። 93 እና 90 አይነኩም። ጎታቹ ሒሳብና እንግሊዝኛ ነው። ሁሉንም እንደገና መማር ጊዜና ገንዘብ መጨረስ ነው። ሒሳብን ወደ 5 የሒዶት ከፍ አደረግሁ፣ እንግሊዝኛንም እንደዚሁ። ብቻውን ማጥናት የማይሆንለት ሰው ሜኺና አለለት።

ሁለተኛ፣ ፕሲኮሜትሪ። ከ200 እስከ 800 ነው፤ መድገም ይቻላል። መጀመሪያ 596 አመጣሁ፣ በሦስተኛው 731። መሀሉ ሁለት ዓመት ነው። ከሥራ በፊት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥቼ ሁለት ሰዓት አጠናለሁ፤ ማታ ደክሞኝ ስለማይገባኝ ነው።

ሦስተኛ፣ ቃለ መጠይቅ። እዚህ ላይ አስተዳደጋችን ይፈትነናል። ጨዋ ልጅ ታላቅ ሰው ፊት ዓይኑን ይሰብራል፣ ራሱን አያመሰግንም። ጥሩ ነው፣ ግን ጠያቂው ዝምታችሁን እንደ ባዶነት ሊያየው ይችላል። ራሳችሁን አታመስግኑ፤ የሠራችሁትን ተናገሩ። «ታጋሽ ነኝ» ከማለት ይልቅ «ለአባቴ አሥር ዓመት አስተርጉሜአለሁ፣ ይህን አየሁ» በሉ። ስለ ውጤታችሁ ሲጠይቋችሁ አታልቅሱ፣ አትከራከሩም። ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ ምን እንደቀየራችሁ በሦስት።

ገንዘቡስ? ይህ ነው ከባዱ። ትምህርቱ ስድስት ዓመት፣ ስታዡ አንድ ዓመት ነው። እኔ የምሰጠው ደመወዝ የእማዬ የቤት ኪራይ ነበር። ከማመልከቴ በፊት እማዬንና ታላቅ እህቴን አስቀምጬ ቁጥሩን አሳየኋቸው፦ ማን ምን ይከፍላል፣ በበጋ ምን ያህል እሠራለሁ። እማዬ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «አባትህ ቢኖር ምን ይል ነበር?» አለች። ያን ጊዜ አባዬ ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ እህቴ ግማሹን ኪራይ ትከፍላለች፤ ይህ ዕዳዬ ነው፣ አልረሳውም። እናንተም ቤተሰባችሁን ቀድማችሁ አማክሩ። የምትችሉትን የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ሁሉ ሙሉ፤ ፔራሕም አለ።

ሌላም በር አለ። የመጀመሪያ ዲግሪ ያላችሁ በቴል አቪቭ፣ በጽፋት ባር ኢላንና በአሪኤል የአራት ዓመት መንገድ አለላችሁ፤ የሚፈልጓቸውን የባዮሎጂና የኬሚስትሪ ኮርሶች አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ውጭ አገር ልትማሩ ካሰባችሁ ደግሞ ለደላላ ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት የጤና ሚኒስቴርን ዝርዝር ተመልከቱ፤ ከ2019 ወዲህ ጠበቅ ብሏል።

ዶክተር አቪ ይጽሐቅ በ1991 ከኢትዮጵያ መጥተው፣ ዕብራይስጥ ከዜሮ ጀምረው፣ እዚሁ ቤን ጉሪዮን ሕክምና ተምረዋል። በ2016 ከማኅበረሰባችን የመጀመሪያው ኮሎኔል ሆነዋል። እሳቸው ሲገቡ የሚጠይቁት ታላቅ አልነበራቸውም። እናንተ ግን የምትጠይቁት ሰው አላችሁ።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር አድርጉ፦ ውጤታችሁን በወረቀት ዘርዝሩ፣ የሚጎትቷችሁን ሁለቱን ብቻ አክብቡ። ከዚያ የዩኒቨርሲቲውን የምዝገባ ክፍል ደውላችሁ «በእነዚህ ቁጥሮች ምን ይጎድለኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ይዛችሁ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው ዝግጅት አብረን እናየዋለን። በሉ፣ ሰላም ሰንብቱ።