ሊብሬ የሌለው ሞተር ሳይክል

ባሕር ዳር ውስጥ ከአንድ ግቢ ጥግ፣ ከቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ ሰልባትዮው የዛገ፣ ጎማው ተሰነጣጥቆ ከቸርኬው የለቀቀ፣ ታርጋም ሊብሬም የሌለው አሮጌ ሞተር ሳይክል ሲገኝ ብዙ ጊዜ ሁለት ፍርድ ይሰጥበታል። ቆራሌው በኪሎ ይገምተዋል። ጎረቤት ደግሞ "የጣሊያን ነው፣ የወረራው ጊዜ" ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። የቆራሌው ፍርድ ማሽኑን ያጠፋል፤ የጎረቤቱ ታሪኩን። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ከሁለቱ ፍርዶች በፊት መሠራት ስላለበት ሥራ ነው፤ ብረቱን ራሱን መርምሮ የት፣ መቼና ለማን እንደተሠራ ስለ ማወቅ።

ለጣና ዳር ሰው ይህ ዓይነቱ ምርመራ እንግዳ አይደለም። በሐይቁ ገዳማት ከተቀመጡት የብራና መጻሕፍት ብዙዎቹ የተጻፉበትን ዓመት አይናገሩም። ሊቃውንቱ ዘመናቸውን የሚያውቁት ከፊደሉ ቅርጽ፣ ከሥዕሉ አሣሣል፣ በጸሎቱ መካከል ከተጠራው የንጉሥና የጳጳስ ስም ነው። ኤርንስት ሐመርሽሚት በ1968 እ.ኤ.አ. በጣና ደሴቶች የሚገኙ መጻሕፍትን በማይክሮፊልም አንሥተው በኋላ ዝርዝራቸውን ሲያሳትሙ የሠሩት በዚሁ መንገድ ነበር። የባለቤቱ ስም ተፍቆ ሌላ የተጻፈበት መጽሐፍ ብዙ ስለሆነ፣ ጠንቃቃ ተመራማሪ በመጀመሪያው እጅ የተጻፈውንና በኋላ የተጨመረውን ሳይለይ አንድም ቃል አይናገርም። አሮጌ ሞተር ሳይክልም የሚመረመረው እንዲሁ ነው። ሰልባትዮው ላይ የተለጠፈው ስም በኋላ የተጨመረ ሊሆን ይችላል፤ የሞተሩ ቤት ላይ አብሮ የፈሰሰው ጽሑፍ ግን የመጀመሪያው እጅ ነው።

ስለ ብረቱ ከመናገር በፊት ግን ማሽኖቹ ወደዚህ የገቡባቸውን በሮች ማወቅ ይጠቅማል።

የመጀመሪያው በር የጣሊያን ወረራ ነው። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ፓርቲ ዋና ጸሐፊ አኪሌ ስታራቼ በካሚዮን የተጫነ ጦር ከኤርትራ እየመራ መጥቶ መጋቢት 23 ቀን ጎንደርን ያዘ። በሚያዝያ ያው ጦር ጣና ዳር ደረሰ፤ ባሕር ዳርም ተያዘች። ከዚያ በኋላ ጎርጎራ የሐይቅ ወደብ ሆነች፤ መንገድ ተቆረጠ፤ ከመንገዱም ጋር የሞተር ዓይነት ሁሉ መጣ። በዚያ ዘመን የኢጣሊያ ጦር ከሚገለገልባቸው ሞተር ሳይክሎች አንዱ ሞቶ ጉዚ ጂቲ 17 ነበር፤ ከ1932 እስከ 1939 እ.ኤ.አ. ለጦሩ ተብሎ የተሠራ። ጉዚ በ1921 እ.ኤ.አ. በኮሞ ሐይቅ ዳር፣ ማንዴሎ ዴል ላሪዮ በምትባል ትንሽ ከተማ የተቋቋመ ፋብሪካ ነው። ምልክቱ ክንፉን የዘረጋ ንስር ነው፤ ከመሥራቾቹ ጋር አብሮ ያቀደውና ፋብሪካው ሳይከፈት በ1919 የሞተው አብራሪ ጆቫኒ ራቬሊ መታሰቢያ።

የጉዚን ሞተር ከሩቅ መለየት ይቻላል። ሲሊንደሩ ሽቅብ አይቆምም፤ ወደ ፊት ጎማ አቅጣጫ ተኝቷል። ቮላኖውም በሞተሩ ቤት ውስጥ አልተደበቀም፤ በግራ በኩል ከውጭ እንደ ትልቅ የብረት ሰሐን ይዞራል። እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ያየ ሰው የፋብሪካውን ስም ለመናገር ንስሩን መፈለግ አያስፈልገውም።

ችግሩ ዓመቱ ላይ ነው። ጉዚ ይህንኑ የተኛ ሲሊንደር ለብዙ ዐሥርት ዓመታት አልተወውም። አልቼ የተባለው የጦር ሞተር ከ1939 እስከ 1945 እ.ኤ.አ. ተሠራ፤ ሱፐራልቼ በ1946 ተከተለው፤ ፋልኮኔ በ1950 ወጣ። ሦስቱም ላላወቀ ዓይን ወንድማማቾች ናቸው። በ1950 እ.ኤ.አ. የወጣ ፋልኮኔ ግን የአምስቱን ዓመት ወረራ ሊያይ አይችልም፤ ኢጣሊያ ከተሸነፈች በኋላ፣ ምናልባትም ኢጣሊያውያን ነጋዴዎችና መካኒኮች በብዛት በቀሩባት በአስመራ በኩል፣ በገንዘብ ተገዝቶ የመጣ ሰላማዊ ማሽን ነው። እንዲህ ያለውን ሞተር "የወረራው" ብሎ መጥራት፣ አንድ አስተማሪ ወይም ነጋዴ ለዓመታት ቆጥቦ የገዛውን ንብረት ለወራሪ ጦር መስጠት ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በዚህ ጉዳይ ላይ ጠንከር ያለ አቋም አለው፦ በአገራችን አሮጌ ብረት ሁሉ ለጣሊያን የሚሰጥበት ልማድ የራሳችንን ሰዎች ከታሪኩ አስወጥቷቸዋል።

ሁለተኛው በር የተከፈተው ወራሪው በተባረረበት ዘመቻ ነው። በጄኔራል ናዚ የሚመራው የመጨረሻው የኢጣሊያ ጦር ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ጦርነት የእንግሊዝ ሠራዊት የሚጋልበው ቢ.ኤስ.ኤ ኤም 20ን፣ ኖርተን 16 ኤችን፣ ማችለስን፣ ሮያል ኤንፊልድን ነበር። ከሁሉ የበዛው ኤም 20 ነው፤ ከ126,000 የማያንስ ተሠርቷል። ቢ.ኤስ.ኤ የበርሚንግሃም የጠመንጃ ፋብሪካ ስለነበረ ምልክቱ የተደገፉ ሦስት ጠመንጃዎች ነው። ለጦሩ በተሠራው ኤም 20 ሻንሲ ላይ ከቁጥሩ በፊት ደብልዩ የምትባለው የላቲን ፊደል ትቀድማለች፤ በመሣሪያው ላይም የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት ምልክት የሆነው ሰፊ የቀስት ጫፍ ተመትቶ ይገኛል። ቀለም ቢደራረብበትም ጣት ሲዳስሰው ይታወቃል።

የእንግሊዝን ማሽን ከሌላው ለመለየት መካኒክ የሚጠቀምበት ፈጣን ዘዴ አለ፦ ቁልፍ። በቀድሞው የእንግሊዝ ሥርዓት የተሠራ ዳዶ የሚለካው በሚሊ ሜትር አይደለም። በጣም ከተለመዱት መጠኖች አንዱ ጎኑ 13.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ 13 ቁጥር ቁልፍ አይገባለትም፤ 14 ይላላበታል። ሌላው 15.2 ነው፤ 15 እምቢ ይላል፤ 16 ይሾልካል። የጥርሱም ማዕዘን ሊለይ ይችላል፤ ብዙው የእንግሊዝ ጥርስ 55 ዲግሪ፣ የአውሮፓው 60 ነው። ነገር ግን ለዐሥርት ዓመታት በየጋራዡ ሲጠገን የኖረ ሞተር ከውጭ የሚታዩት ቡሎኖቹ ተለውጠው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚታመነው ከሞተሩ ቤት ውስጥ ያለው፣ ማንም ያለ ምክንያት የማይፈታው ቡሎን ነው።

አሁን ወደ ዋናው መለኪያ እንምጣ። ሦስት አሮጌ ማሽኖች ቢሰለፉ ባለቤቶቻቸው ሦስቱንም "ባለ 500" ይሏቸዋል። ቴስታታው ወርዶ የሲሊንደሩ አፍ ስፋትና የፒስቶኑ ጉዞ ሲለካ ግን ይለያያሉ። ጉዚ 88 በ82 ሚሊ ሜትር ነው። ኤም 20 82 በ94 ነው። ኖርተን 16 ኤች 79 በ100 ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የአፉ ስፋት ግማሽ በራሱ ተባዝቶ፣ በ3.14 ተባዝቶ፣ በጉዞው ሲባዛና ለ1,000 ሲካፈል ጉዚው 498፣ ኤም 20ው 496፣ ኖርተኑ 490 ኩብ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሰጣሉ። ከመጨረሻው ድምር ይልቅ ሁለቱ ልኬቶች ይበልጥ ይናገራሉ፤ እያንዳንዱ ፋብሪካ ለዓመታት የሙጥኝ ያለው የራሱ ጥምረት አለውና።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሲሊንደር ይበላል፤ ሲበላ ይሞረዳል፤ ሲሞረድ ይሰፋል። አፉ 80 ሆኖ የተገኘ ሲሊንደር ሲወለድ 79 ሊሆን ይችላል። የፒስቶኑ ጉዞ ግን በክራንኩ ቅርጽ የተወሰነ ስለሆነ በመሞረድ አይለወጥም። ሁለቱ ሲጋጩ መታመን ያለበት ጉዞው ነው።

ካርቡራተርና ኤሌክትሪክ የመጨረሻ ምስክሮች ናቸው። ዴሎርቶ ኢጣሊያን፣ አማል እንግሊዝን፣ ቢንግና ቦሽ ጀርመንን፣ ማኔቲ ማሬሊ እንደገና ኢጣሊያን ይጠቁማሉ። ሆኖም ባሕር ዳር ላይ የተበላሸ ካርቡራተር የሚተካው በተገኘው ነው፤ የኢጣሊያ ካርቡራተር የያዘ የእንግሊዝ ሞተር ምንም አያስደንቅም። ከካርቡራተሩ የሚገኘው ሌላ ቁም ነገር ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከወደብ ከተማ አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ነዳጅ የምታሳልፈው የናስ ቀዳዳ ፋብሪካው ካዘዘው ቁጥር ዝቅ ባለች ተለውጣ ከተገኘች፣ ሞተሩን በደጋ አገር ሲነዳ የኖረ፣ ሥራውንም የሚያውቅ ሰው ይዞት እንደነበር መገመት ይቻላል።

ሦስተኛው በር ሰላማዊ ነው። ባሕር ዳር በ1950ዎቹ ዓ.ም. በፍጥነት አደገች። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ኢጣሊያ በከፈለችው የጦር ካሳ በ1961 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ፤ ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በ1963 ተከፈተ። ባለሙያውም ማሽኑም ከተለያየ አገር ይመጣ ጀመር። በደርግ ዘመን ከምሥራቁ ጎራ ጋር የተደረገው ወዳጅነት ይህን ይበልጥ አሰፋው።  

ትልቁ ወጥመድ የሚገኘው በዚህ በር ነው። ሁለት ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ የተዘረጉ፣ ጎኑ ላይ የሰው መቀመጫ ጋሪ የተገጠመለት ሞተር ሲታይ ሁሉም "ቢ.ኤም.ደብልዩ" ይላል። እውነቱ ግን ሦስት ሊሆን ይችላል። ጀርመኖች አር 71ን ከ1938 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ሠሩ። ሶቪየቶች ንድፉን ወስደው በ1941 ኤም 72ን አወጡ፤ ከእርሱም የዩራልና የድኔፕር ዘር ወጣ። ቻይናም በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ቻንግጂያንግ ብላ ሠራችው። አር 71ና ኤም 72 ሲለኩ ሁለቱም 78 በ78 ናቸው፤ ዳዷቸውም በሚሊ ሜትር ስለሆነ የቁልፍ ዘዴ እዚህ አይረዳም። ሰማያዊና ነጭ ክቡ የቢ.ኤም.ደብልዩ ምልክት በገበያ ይሸጣል፤ ስለዚህ ማስረጃ አይሆንም። የሚረዳው የሞተሩን ቤት አጽድቶ አብሮ የፈሰሰውን ፊደል መፈለግ ነው፤ የሩሲያ ፊደል ከተገኘ ክርክሩ አለቀ። ተመሳሳይ ጥንቃቄ ለሮያል ኤንፊልድ ቡሌትም ያስፈልጋል፤ ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማድራስ ላይ ሲሠራ ስለኖረ፣ መልኩ የእንግሊዝ ሽማግሌ፣ ዕድሜው ግን የሕንድ ጎልማሳ ሊሆን ይችላል። የቼኮዝሎቫኪያው ጃዋ በአንጻሩ ራሱን አይደብቅም፦ ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማርሽ የሚለወጥበት ፔዳል ሲታጠፍ ያው ማስነሻ ይሆናል።

አንድን ንድፍ ከአገር ወደ አገር መከተል ለሚፈልግ ሰው የባሕር ዳር መንገድ ራሱ ትምህርት ቤት ነው። ከጊዮርጊስ እስከ ቀበሌ 14 የሚርመሰመሰው ባጃጅ የዘር ሐረጉ ወደ ኢጣሊያ ይወስዳል። ፒያጆ ቬስፓን በ1946 እ.ኤ.አ. አወጣ፤ በ1948 ያንኑ ባለ ሦስት እግር አድርጎ አፔ ብሎ ሸጠው። የሕንዱ ባጃጅ ከፒያጆ ፈቃድ ወስዶ ሠራው፤ ውሉ ካበቃ በኋላም በራሱ ስም ቀጠለ። ከመቶ ዓመት በኋላ አንድ ተመራማሪ የተጣለ ባጃጅ አግኝቶ የሠራውን አገር ቢጠየቅ፣ ሕንድ ብሎ ቢመልስ ልክ ነው፤ ንድፉን ከጠየቁት ግን ጣሊያን ማለት ይኖርበታል። የማሽን ማንነት ሲጠና ሁለቱ ጥያቄዎች ሁልጊዜ ለየብቻ መጠየቅ አለባቸው።

ታዲያ አሮጌ ሞተር ያገኘ ሰው ምን ያድርግ? መጀመሪያ አይጠበው፤ አይቀባው፤ በሽቦ ብሩሽ አይፈግፍገው። ቆሞ ባለበት ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከላይ ፎቶ ያንሣው። የሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር በጨርቅና በናፍጣ ቀስ ብሎ ያጽዳ፤ ስስ ወረቀት አስደግፎም በእርሳስ እያሻሸ ይቅዳው። ሁለቱ ቁጥሮች ባይመሳሰሉ አይደንግጥ፤ በብዙ ፋብሪካዎች ከመጀመሪያው ተለያይተው ይመቱ ነበር። ቀለሙ በተላጠበት ቦታ ስንት ሽፋን እንዳለና ከሥር ያለው ምን እንደሚመስል ይመዝግብ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ሲተረጉም ታሪካዊና ሳይንሳዊ ዋጋ ያለውን የሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤት ይጨምራል፤ ብራናና ሐውልት ብቻ አላለም። እንዲህ ያለውን ማሽን ከማቅለጫ ማዳን ሕጉም የሚደግፈው ሥራ ነው።

ቁጥሩ ከተነበበ በኋላ ለውጭ መጻፍ ይቻላል። የእንግሊዝ የአሮጌ ሞተር ሳይክሎች ክበብ የቢ.ኤስ.ኤን የፋብሪካ መዝገቦች ይዞ ማሽኑ መቼ እንደወጣ ይመሰክራል፤ ጉዚም በማንዴሎ ሙዚየም አለው። ከእነዚህ ቦታዎች የሚመጣው መልስ የተሠራበትን ጊዜ፣ ሲቀናም የተላከበትን ስፍራ ይናገራል። እዚህ ከደረሰ በኋላ የሆነው ግን በየትኛውም የውጭ መዝገብ የለም። እርሱ የሚገኘው በከተማዋ አሮጌ ጋራዦች ከሠሩ አዛውንት መካኒኮች፣ ከፋብሪካው ጡረተኞች፣ በጎርጎራ መስመር ጀልባ ላይ ዕቃ ከጫኑ ሰዎች ነው። ጥያቄዎቹም የተወሰኑ ይሁኑ፦ ሞተሩ መጀመሪያ የታየው በማን እጅ ነው? በጎንደር መንገድ መጣ፣ በአዲስ አበባ፣ ወይስ በሐይቁ? ጎኑ ላይ ጋሪ ነበረው? ሰልባትዮው ያኔ ምን ዓይነት ቀለም ነበረው? መለዋወጫ ሲጠፋ ከየት ይመጣለት ነበር? ታርጋውን የፈታው ማን ነው፣ ሊብሬውስ በማን ስም ነበር?