በዛፍ ቀለበት ውስጥ የተመዘገበ የእሳት ታሪክ



ደን በተቃጠለ ቁጥር ሁለት ጥያቄዎች መነሣት ይገባቸዋል። አንደኛው «ማን ለኮሰው?» የሚለው ነው፤ እርሱ ጠያቂ አጥቶ አያውቅም። ሁለተኛው «ይህ ደን ከዚህ በፊት በየስንት ዓመቱ ይቃጠል ነበር?» የሚለው ነው። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ጥያቄና መልሱን ከእንጨት ውስጥ ስለሚያነብ ሙያ ይሆናል።

ሙያው ደንድሮክሮኖሎጂ ይባላል። መሥራቹ አንድሩ ዳግላስ አሜሪካዊ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አሪዞና ውስጥ ዛፎችን መመርመር የጀመረው የፀሐይን ነጥቦች ዑደት ፍለጋ ሲሆን፣ ያተረፈልን ግን የዘመን መቁጠሪያ ነው። በደረቅ አገር ዝናብ ባጠረበት ዓመት ቀለበቱ ይጠባል፤ በበዛበት ዓመት ይሰፋል። የጠባቡና የሰፊው ቅደም ተከተል በአንድ አካባቢ ዛፎች ላይ ስለሚመሳሰል፣ የደረቀ ጉቶ ከሕያው ዛፍ ጋር ተመሳክሮ የእያንዳንዱ ቀለበት ዓመት ይታወቃል። ቆጠራ ብቻውን አይበቃም፤ በክፉ ድርቅ ዛፉ ቀለበት ሳይሠራ ሊያልፍ ይችላልና።

እሳት ወደዚህ መዝገብ የሚገባው በቁስል ነው። ምድር ለምድር የሚሄድ እሳት ሣሩንና የረገፈውን ቅጠል እየበላ ሲያልፍ፣ ወፍራም ቅርፊት ያለውን ትልቅ ዛፍ ብዙ ጊዜ አይገድለውም። ከቅርፊቱ ሥር ያለውን ካምቢየም የተባለ ሕያው ሽፋን ግን በአንድ በኩል ያቃጥለዋል። በተዳፋት ላይ ቁስሉ አብዛኛውን ጊዜ በሽቅቡ በኩል ይገኛል፤ ተንከባሎ የሚወርደው ቅጠልና ጭራሮ የሚከማቸው እዚያ ነው። ዛፉ በሚቀጥሉት ዓመታት ከቁስሉ ዳርና ዳር አዲስ እንጨት እየሠራ ሊሸፍነው ይሞክራል። ሳይከደን የቀረው ክፍል ሙጫ ስለሚያዝልበት በቀጣዩ እሳት በቀላሉ ይቆስላል። እንዲህ እየሆነ በአንድ ጉቶ ላይ ከአሥር በላይ ጠባሳ ተደራርቦ ይገኛል። ናሙናው በብርጭቆ ወረቀት ተልጎ በአጉሊ መነጽር ሲታይ፣ እሳቱ የነካበት ዓመት ብቻ ሳይሆን ወቅቱም ይነበባል፤ ጠባሳው በቀለበቱ መጀመሪያ ካረፈ ዛፉ እድገት በጀመረበት ወራት፣ በሁለት ቀለበቶች ድንበር ላይ ካረፈ እድገት ባቆመበት ጊዜ ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። እሳት ያገኘው ዛፍ ሁሉ አይቆስልም፤ ስለዚህ ከአንድ ዛፍ ዝምታ ተነሥቶ «እሳት አልነበረም» ማለት አይቻልም። ብዙ ዛፎች በአንድነት መመስከር አለባቸው።

በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ የፖንደሮሳ ፓይን ደኖች ዛፎቹ በአንድነት መስክረዋል። ቶማስ ስዌትናምና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በፊት እነዚህ ደኖች በጥቂት ዓመታት ልዩነት በዝቅተኛ እሳት ይነኩ ነበር። እ.ኤ.አ. 1748 እሳቱ ክልሉን ከዳር እስከ ዳር ያዳረሰበት ዓመት ነው። 1747 ዝናባማ ነበር፤ ሣሩ በዛ፤ ቀጥሎ ድርቅ መጣና የበዛው ሣር ማገዶ ሆነ። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ጠባሳው የሚቆምበት ጊዜ ነው። በአብዛኛው ቦታ ከ1880ዎቹ ወዲህ ጠባሳ ይጠፋል። አየሩ ተለውጦ ነው እንዳይባል በቹስካ ተራሮች፣ በናቫሆ ሕዝብ ምድር፣ ጠባሳው የቆመው ከዚያ ብዙ ዐሥርት ዓመታት ቀድሞ በ1830ዎቹ ገደማ ነው። ናቫሆዎች ከሌላው ቀድመው ብዙ በግ ያረቡ ነበርና። በጉ ሣሩን በላ፤ እሳቱ የሚሄድበትን መንገድ አጣ። በሌላው ቦታ ባቡርና ብዙ መንጋ ሲደርስ ያው ነገር ተደገመ፤ ኋላም መንግሥት እሳትን ሁሉ የማጥፋት ፖሊሲ ያዘ። በ1935 የወጣው መመሪያ ማንኛውም ቃጠሎ በማግሥቱ እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት በቁጥጥር ሥር እንዲውል ያዝዝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ደኑ በችግኝና በጭራሮ ታፈነ። በካሊፎርኒያ ግዙፎቹ ሴኮያዎች ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የሚዘልቅ የእሳት መዝገብ ይዘው ኖረዋል፤ በየጊዜው ቆስለው ይተርፉ ነበር። በ2020 እና በ2021 ቃጠሎዎች ግን ከትልልቆቹ ዛፎች ከ13 እስከ 19 በመቶ የሚሆኑት እንደ ሞቱ ተገምቷል። የአየሩ መሞቅና ድርቁ ድርሻ አለው፤ የተከማቸው ማገዶም እንዲሁ።

ይህን ንባብ ወደ እኛ ተራሮች እንዳለ ማምጣት አይቻልም። የሐበሻ ጥድ ቀለበት አለው፤ ነገር ግን በልግና ክረምት በሚፈራረቁበት አካባቢ በአንድ ዓመት ሁለት ቀለበት ሊሠራ ይችላል። አንድ የዝናብ ወቅት ባለበት አካባቢ ሁኔታው የተሻለ ነው። በመተማ ቆላ የእጣን ዛፎች ቀለበት ተመርምሮ፣ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ተተኪ ዛፍ ሳያድግ መቅረቱ ታውቋል፤ እሳትና ልቅ ግጦሽ በምክንያትነት ይጠረጠራሉ። እንግዲህ እሳት ለሁሉም ደን ይስማማል የሚል ከእኔ አንደበት አይሰማም። የሐረና እርጥብ ደንም ለእሳት የተፈጠረ አይደለም።

የባሌ አስታ፣ በአካባቢው አጠራር ሳቶ፣ ሌላ ነገር ነው። ሲቃጠል ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል። አርብቶ አደሮች ያረጀውን አስታ ለግጦሽ ብለው ያቃጥላሉ፤ በቅርብ የተቃጠለው ቦታ ደግሞ ማገዶ ስለሌለው ቀጣዩን እሳት ያስቆማል። ቃጠሎው ተከልክሎ አስታው ሁሉ በአንድነት ቢያረጅ፣ በአንድ የበጋ ቀን የሚነሣ እሳት ምን እንደሚያገኝ አስቡት። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና፣ በ2011 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ከተነሡት ቃጠሎዎች በኋላ ክርክራችን በአብዛኛው በእረኛውና በክብሪቱ ላይ ተወስኖ ቀርቷል። እኔ እረኛው ከመከሰሱ በፊት ቦታው በየስንት ዓመቱ ይቃጠል እንደነበር ተጠንቶ እንዲቀርብ እጠይቃለሁ። የከልካዩም የእረኛውም ቃል በዚያ ሊመዘን ይችላል።

ለዚህ ሥራ አሮጌ እንጨት ያስፈልገናል፤ አሮጌ ጥድ ያለው ደግሞ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ዐጸድ ነው። ከሕያው ዛፍ የእርሳስ ውፍረት ያላት ናሙና በመሰርሰሪያ ማውጣት ይቻላል፤ ይህም ቢሆን ያለ አስተዳዳሪው ፈቃድ አይሞከርም። ጠባሳ ለማንበብ ግን የሚበጀው ሙሉ ቁራጭ ስለሆነ፣ ወድቆ የደረቀ ግንድ ወይም ጉቶ እንፈልጋለን። ተማሪዎቼ በዚህ ዓመት ለመስክ ስትወጡ በአንድ ጎኑ የተቦረቦረና የከሰለ ጉቶ ካገኛችሁ ለከሰል ሳይጫን ቦታውን መዝግቡ፤ የቁስሉንም አቅጣጫ ጻፉ። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።